ጥጃዋ ከሳች

ውሸታም ተብዬ ከሥራዬ ተነሥቻለሁ። ያልተሻለውን ልጅ ተሻለው ብለህ አቀረብህ ተባልሁ፤ ያውም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከግቢው ዋርካ ሥር። ልጁ ግን ተሽሎት ነበር። አልዋሸሁም። ከዚያ ወዲያ ዘበኛ አድርገው ወደ በሩ መልሰው አቆሙኝ፤ ጡረታ የወጣሁትም ያ ስም እንደተለጠፈብኝ ከዚያው ከበሩ ላይ ነው።

በስንብቴ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ይሞቃል። አንድም ሰው ግን "ያኔ የተባለው ስሕተት ነበር" አላለም። አጨበጨቡ፣ ለስላሳ ጠጡ፣ ሄዱ። እኔም ቤቴ ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጠጉሬ ሽበት ከጣለ በኋላ፣ ከጎልማሶች ጋር ነው። ዘግይቶ የተጠመደ በሬ ፈሩ ይጣመማል፤ ማረሱን ግን ያርሳል።

ሥራ የጀመርሁት በዘበኝነት ነው፤ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን በምታስኬድ ጤና ጣቢያ። ዘበኛ መሆን አያሳፍርም። የሚያናድደው ሰው ሁሉ በአጠገብህ እያለፈ አንተን አለማየቱ ነው። ያየችኝ ሲስተር ሙሉነሽ ናት። የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ ነበረች። በዕድሜ ስለምታንሰኝ እዚህ ላይ "እሷ" እላታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን አንቱ ነበር የምላት፣ እሷም አንቱ ትለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት የልጇን ወገብ በመቀነቷ አስራ እየጎተተች መጣች። በሩን እንዳለፈች ልጁ ቋጠሮውን ፈታና ከጥበቃ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፣ አንዱ ጎረምሳ "ይህን ጦጣ በድንጋይ አውርዱት!" እያለ ይስቃል። እኔ የበሩን ቁልፍ ወደ ላይ አሳየሁትና "ና፣ በሩን የምትከፍትልኝ አንተ ነህ፤ አህያ የጫነ ሰው ቆሟል" አልሁት። ወረደ። ከፈተ። ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

ሲስተር በመስኮት ታይ ኖሯል።

"ጋሼ አዱኛው፣ ለምን አልተቆጡትም?"

"ቁጣማ ጠግቧል፤ ፊቱ ላይ አይታይዎትም?"

ሳቀች። "ማንበብ ይችላሉ?"

"ዘንድሮ ጀምሬአለሁ።"

"እኔም ይህን ሥራ ዘንድሮ ነው የጀመርሁት። እንግዲያው እኩያሞች ነን" አለችኝና ከበሩ ላይ አንሥታ የክትትል ሠራተኛ አደረገችኝ። ደመወዙ ያው ነበር፤ እግሬ ብቻ ረዘመ። ስማዳን፣ እስቴን፣ ታች ጋይንትን ዞርሁ።

በሽታው በመጽሐፍ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይባላል። በእኛ አገር ስሙ ብዙ ነው፤ ቀዥቃዣ፣ ዛር የከበበው፣ የእናቱ ቅጣት። ልጁ ክፉ አይደለም። የሰማውን ይዞ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ሌላ ነገር ይነጥቀዋል። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ በእኛ እጅ የነበረው የባሕርይ ሕክምና ነው። ይህ ደግሞ ከልጁ ይልቅ ወላጁን ማስተማር ነው። የእኛ አገር እናት ከማጀት ሆና ትጣራለች፤ "አንተ! ውሃ ቅዳ፣ ስትመለስ ዶሮዋን አስገባ፣ እግረ መንገድህን ከእነ እከሌ ቤት ወንፊቱን ተቀበል፣ ደግሞ በጉን እንዳትረሳ!" ልጁ ከደጅ ሲደርስ ውሃውም ዶሮዋም ወንፊቱም አንድ ላይ ተደባልቀው ጠፍተዋል። ሲስተር "ቅረቢው፣ ትከሻውን ንኪው፣ ዓይኑን እዪ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። ያንን ሲፈጽም እዚያው አመስግኚው" ትላለች።

ምስጋናው ላይ ተጣላን። ልጅን በአፍ ማመስገን እኛ ዘንድ ለሰው ዓይን መስጠት ነው። "ጎበዝ" በዪው ብትላት እናቲቱ ደንግጣ ሦስቴ እንትፍ ትላለች። ሲስተር መጀመሪያ ተናደደች፤ ከተማ ነው ያደገችው። ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ልጅ ውሃ ሲያቀብላቸው "እደግ፣ ተመንደግ" ሲሉት ሰማች። መንገድ ላይ ቆመችና "ጋሼ አዱኛው፣ ይኸው ተገኘ!" አለች። ምርቃትን ዓይን አይበላውም። ከዚያ ወዲህ "ጎበዝ" የሚባለው ቀርቶ ልጁ አንድ ነገር በፈጸመ ቁጥር እጅ ከራሱ ላይ ይጫንና "እደግ" ይባላል። ልጅ ያችን እጅ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ ለእሷ ሲል የጀመረውን ሲጨርስ አይቻለሁ።

ዋናው የሥራችን ጥበብ ግን ለውጡን መለየት ነው። ሕክምና ጀምረህ ልጁ እየተሻለው መሆኑን ካላወቅህ በጨለማ እንደማረም ነው፤ ዘሩን ትነቅላለህ። ታዲያ እናትን "ልጅሽ ተሻለው ወይ?" ብለህ ብትጠይቅ እውነት አታገኝም። ተሽሎት ከሆነ ከዓይን ለመሸሸግ "ኧረ እንደ ድሮው ነው" ትልሃለች። ሳይሻለው ደግሞ መንገድ የመጣህበትን አይታ፣ አፍራልህ፣ "ተመስገን ነው" ትልሃለች። አርብ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ እስላም ነጋዴ ነበር፣ እንድሪስ የሚባል። እሱ ብቻ "ማሻአላህ፣ ልጄ ተሻላት፣ አሁን መጋረጃ ስትለካ አትሮጥም" ብሎ ፊት ለፊት ይነግረኛል። "ሁላችሁ እንደ አንተ ብትሆኑ ጫማዬ ባላለቀ" እለው ነበር።

ሲስተር ስለ ልጁ አትጠይቅም። የላም ማለቢያ ሰዓት ጠብቃ ትሄዳለች፤ በርጩማ ሲሰጧት እምቢ ብላ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ውስጡንም ውጭውንም እንድታይ። ላም ሲታለብ ጥጃዋን ይዞ የሚቆመው ልጅ ነው። ጥጃዋ ትታገላለች፣ ልጁ አንገቷን አቅፎ መጠበቅ አለበት። ለቀዥቃዣ ልጅ ከዚህ የከበደ ፈተና የለም፤ ወፍ ሲያይ ይለቃታል፣ ጥጃዋ ወተቱን ትጨርሰዋለች። ሲስተር ስለዚህ "ጥጃዋስ እንዴት ናት?" ብላ ትጠይቃለች። እናት ስለ ልጇ ትሸሽግ እንጂ ስለ ጥጃ ማማረር አትፈራም። "ኧረ ሰባለች፣ ጥጋቧን አትጠይቂኝ" ካለች ልጁ እንደ ድሮው ነው። "ጥጃዋ ከሳች፣ ምን እንደነካት እንጃ" ካለች ሲስተር አንገቷን ደፍታ "ወይ ጉድ፣ ምን ይሻላል?" ትላለች። ከቤቱ ርቀን ጉብታውን ስናልፍ ብቻ ዞር ብላ ትስቅልኛለች።

ሲስተር ሁልጊዜ "ምሬታቸውን ስሙ፣ ምሥራቹ እዚያ ውስጥ ነው" ትለን ነበር። እኔ ለምሬት አዲስ አይደለሁም፤ ቶሎ ገባኝ።

እስቴ ላይ ግን ወደቅን። ጌታሰው የሚባል ልጅ ነበር። አባቱ በኩራት ተቀብሎን "ተሻለው፣ አሁን እንደ ድንጋይ ነው" አለን። ልጁ ጥጃዋን ይዞ ቆመ፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። እኛም ደስ ብሎን ተመለስን፤ ክትትሉንም አራራቅነው። በኋላ ልጁ ጠፋ። ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ወደ ቆላ ወረደ አሉ። እናቲቱ ገበያ ላይ አግኝታኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "እናንተ በመጣችሁ ዋዜማ በጅራፍ ይገርፈው ነበር፣ እንዳያሳፍረኝ እያለ" አለችኝ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሲስተር ይህን ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ዝም ያለ ልጅና የተሻለው ልጅ አንድ አይደሉም" አለች። "ያ ቤት ምሬት አልነበረበትም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብን።"

ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምናየው የልጁን ዓይን ሆነ። ልጁ እኛን ካየ ደህና ነው። ከእኛ በፊት የአባቱን እጅ ካየ ቁጭ ብለን አባቱን እናክማለን፤ ሌላ ሥራ የለም። የተሻለው ልጅ ይስቃል፣ ይጠይቃል፣ እግሩ ይንቀሳቀሳል። ይህን ሕክምና ሰው ድንጋይ ለማድረግ የሚፈልገው ካለ ቤቱ ይቅር።

የሠራነውን ልናገር፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለም። ያ ቆርቆሮዬ ላይ የወጣው ልጅ ዛሬ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ይማራል። የኔታው "ይህ ልጅ እየተራመደ ካልሆነ አይገባውም" ብለው እየሄደ ዜማውን እንዲቀጽል ፈቅደውለታል። አንዷ የእንድሪስ ልጅ ናት፤ ሱቁን የያዘችው እሷ ሆናለች። መንገድ ላይ አውቶቡስ አስቁመው ስሜን የሚጠሩኝ አሉ።

ሲስተር ሙሉነሽ ልታስተምር ወደ ከተማ ተዛወረች። በቦታዋ አቶ ስንታየሁ የሚባል ወጣት አስተባባሪ መጣ። ሌባ አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። ችኩል ሰው ነበር፤ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ገጠር የሚሰለጥኑ ሰዎች ሁሉ እንደሚቸኩሉት። ያን ጊዜ ከያዝኋቸው ልጆች ትልቁ ኩራቴ ይበልጣል የሚባለው ነበር፤ የወይዘሮ የሺ ልጅ። ስንጀምር ከትምህርት ቤት ተባሮ፣ ሁለት ጊዜ ክምር አቃጥሎ፣ እናቱን ከዕድር አስወጥቶ ነበር። አሁን አንድ ነገር ሲታዘዝ ይፈጽማል፣ ክፍል ይቀመጣል፣ ጥጃዋ ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል። "ተሽሎታል" ብዬ አቀረብሁ።

አቶ ስንታየሁ "ራሴ ላረጋግጥ" አለ። ሊመሰገን ይገባል፤ ማረጋገጥ ነውር አይደለም። ግን በመኪና ሄደ። መኪና ሲቆም ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እሱ ደጅ ላይ ቆመና መጠይቁን አነበበ።

"ልጅሽ ተራ መጠበቅ ይቸግረዋል? በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ ወይስ ሁልጊዜ?"

አታላይ የሚባል አንድ ጎረቤት ከአጥሩ ላይ ሆኖ "ተራ? እኛስ መቼ ተራ ደርሶን ያውቃል!" አለ፤ ሰው ሳቀ።

የሺ ዙሪያዋን አየች። "ሁልጊዜ" አለች።

"የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል?"

"ሁልጊዜ! ኧረ የባሰም!"

ለሁሉም እንዲሁ መለሰች። ይበልጣል ከጀርባዋ ቆሞ ተራውን እየጠበቀ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "አቶ ስንታየሁ፣ ጎረቤት ቆሞ ስለ ልጅ እንዲህ አይነገርም" አልሁት።

"ታዲያ እውነቱን ማን ይንገረኝ? ጥጃዋ?"

"አዎ፣ ጥጃዋ።"

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጨረሰኝ። በማግስቱ ዋርካው ሥር ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ እስከዚያ ቀን አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው "አንተ ሪፖርትህን ከጥጃ ነው የምትወስደው፤ ይህ ውሸት ነው" አለኝ። ወደ በሩ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሺ ቤት ሄጃለሁ። በር ላይ መቆሙን እችለዋለሁ። ያልቻልሁት ሌላ ነው፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ወጣቶች እየሳቁ "ከጥጃ ጋር የሚያወራው" ይሉኝ ነበር፤ የሲስተር ትምህርት ሁሉ በአንድ ሳቅ ሲወድቅ ቆሜ እሰማለሁ። የሺ ቤት ስደርስ ጥጃዋ ያችው ከሲታ ናት፣ ይበልጣል አጥር ያጥራል።

"የሺ፣ ልጅሽ ተሽሎታል አልተሻለውም?"

"ጥጃዋ ከስታለች፣ አያ አዱኛው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እሱን እኔ አውቃለሁ። ለአለቃዬ ንገሪልኝ።"

"ከእሱ በፊት አንድ ቀብሬአለሁ። እንግዶች 'ይህ ልጅ እንዴት ያምራል' ብለው በሄዱ በሳምንቱ። ይሄንን ደግሞ ለአንቱ ስም ልስጥ?"

የሰው ዓይን ልጅ አይገድልም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ልጅ ለቀበረች ሴት እንዲህ አይባልም። ስወጣ ተከተለችኝና "ስለት አለብኝ። እሱ ሲደርስ እናገራለሁ፤ ከዚያ በፊት አንገቴን ቢቆርጡኝም አልናገር" አለችኝ። ስለቷን አልነገረችኝም። እኔም ተናድጄ ሄድሁ። ተናድጄ ጡረታ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ስጀምርም እሷን ልረግም ነበር።

የዘንድሮ ኅዳር ጽዮን ሲደርስ የደብራችን ታቦት ወጣ። አገር በሙሉ ወጣ፤ አቶ ስንታየሁም ነጭ ለብሶ ከከተማው ሰዎች ጋር ቆሟል። ካህናቱ ወርበው፣ ሰባኪው ሰብኮ፣ ፀሐዩ አናት ከበሳ በኋላ "ስለት ያላችሁ ቅረቡ" ተባለ። ያን ጊዜ ነው ይበልጣልን ያየሁት። ሥርዓቱ ከተጀመረ ጀምሮ ከታቦቱ ፊት አዲስ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሞ ኖሯል። ከበሮው ሲመታ እግሩ አፈር ይጭር ነበር፤ ትከሻው ይነቃነቃል፣ ዓይኑ ከምታልፍ ርግብ ወደ ጽናጽሉ ይሮጣል። እጁ ግን ጃንጥላውን አላዘነበለውም። ሲስተር ሙሉነሽ ብትኖር የምትለውን አውቃለሁ፤ ድንጋይ አይደለም፣ ተሽሎታል።

የሺ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች።

"እመቤቴ፣ ልጄን አረጋጊልኝ፤ በታቦትሽ ፊት ጃንጥላ ይዞ እስከ ፍጻሜው የቆመ ዕለት በአደባባይ እናገራለሁ ብዬሽ ነበር። አምና ሞከረ፤ ከበሮውን ተከትሎ ሮጠ። ዘንድሮ ቆመልኝ!" ሕዝቡ እልል አለ። እሷ ግን እጇን ዘረጋችና ዝም አሰኘችው። "አልጨረስሁም። ልጄ ከተረጋጋ ቆይቷል። ሰው ሲጠይቀኝ አልተሻለውም እያልሁ ሸሸግሁት። በእኔ መሸሸግ ስማቸውን ያጡ ሰው አሉ። አያ አዱኛው ናቸው። ልጄን በእግራቸው እየተመላለሱ የረዱት እሳቸው ናቸው፤ የተናገሩትም እውነት ነበር።"

ሰው ዞሮ አየኝ። የት እንደምቆም ጠፋኝ።

እኔ ልጅን መመርመር ከሲስተር የተማርን ብቻ የምናውቀው መስሎኝ ነበር። ይህች ሴት ግን ማንንም ሳትጠይቅ ለልጇ የራሷን ፈተና ሠርታ፣ አምና ወድቆ ዘንድሮ እስኪያልፍ ጠብቃለች። ልረግማት ያሰብሁትን በልቤ ተውሁት።

ሥርዓቱ ሲያበቃ አቶ ስንታየሁ ወደ እሷ ቀረበ። "እኅቴ፣ ያኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር።"

"ያኔ ጎረቤት ቆሞ ነበር" አለችው፤ "ዛሬ ታቦት ቆሟል።"

ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ መጥቶ "ጋሼ አዱኛው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። ከበሮ ይመታል፣ እልልታ ነው፣ ከእኔ በቀር የሰማው የለም።

"እዚህ አይደለም" አልሁት። "ውሸታም ያልኸኝ ዋርካው ሥር ነው። ስሜን እዚያ መልስልኝ።"

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰው ላከብኝ። ስደርስ አዲሱ ዘበኛ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ እኔም አየሁት፣ ስሙንም ጠየቅሁት። ዋርካው ሥር ሁሉም ነበሩ፤ ነርሶቹ፣ ጽዳቶቹ፣ የሳቀው ሹፌር፣ "ከጥጃ ጋር የሚያወራው" ያሉኝ ወጣቶች። የስንብቱን ጋቢ ለብሼ ሄጄ ነበር። አቶ ስንታየሁ ባርኔጣውን አወለቀ። "እዚህ ቦታ ላይ ጋሼ አዱኛውን ውሸታም ያልሁት እኔ ነኝ። አልዋሹም። አጠያየቅ ያላወቅሁ እኔ ነበርሁ" አለ። ከዚያ ለወጣቶቹ የሚነግሩት ካለ ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ነበረኝ፤ ዓመታት ያብላላሁት። ስነሣ ግን ሁሉም ጠፋብኝና "በማለቢያ ሰዓት ሂዱ፣ በእግር ሂዱ" ብዬ ተቀመጥሁ። ሹፌሩ አልሳቀም።

ይህ የሆነው በጽዮን ማግስት፣ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ነው።